መጠየቅ የተወው ፕሮግራም

እንደ እህትም እንደ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፦

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ አሁንም መሃል ላይ ቆም ብለሽ በመስኮት የምታዪ እየመሰልሽ ነው የምታርፊው? አዲሱ መነጽር ተስማማሽ ወይስ እንደ በፊተኛው መሳቢያ ውስጥ ጡረታ አወጣሽው? እማዬስ እንዴት ናት፤ እምቢ አለኝ ያለችው እንቅልፍ ተመለሰላት? አባዬንስ በሚሰማው ጆሮው በኩል እየተቀመጣችሁ ታጫውቱታላችሁ ወይስ እንደ ድሮው ሁላችሁም ባንድ ላይ ትጮኹበታላችሁ? የጋሼ ወገብ እንዴት ሆነ? ሚጣዬስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች፤ የቤት ሥራዋን አሁንም በር ላይ ቆማ ነው የምትሠራው? ወደ ወንድማችን ወደ ማሙሽ ለብቻው እመጣለሁ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ እሱ ነውና ሰላምታ መሃል ላይ አላባክነውም።

እኔን ከጠየቅሽ ጤናዬ ደህና ነው። ጨጓራዬ ተኝቷል፣ ሳሉም ለቆኛል። «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብሎ መጻፍ የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔም ስጽፈው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ጀምሬው ብዕሬ ቆመ። ናፍቆቱ ከሌላው ሁሉ ሲበልጥ ምኑን «በቀር» ይባላል? ስለዚህ ዘለልኩት።

ድንበር እያቋረጠ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ሾፌር ደብዳቤሽን እጄ ላይ አድርሶልኛል። ቢሯችሁ ውስጥ አዲስ ፕሮግራም ሊጫን መሆኑንና መደንገጥሽን ገና ሳላነብ ከእጅ ጽሑፍሽ አወቅሁት፤ ስትደነግጪ መስመሩን ለቀሽ ሽቅብ ትወጫለሽ። «እኔ ከአሮጌው ጋር ነው ያረጀሁት፣ ከአዲሱ ጋር ምን አደረገኝ» ብለሻል። የጥያቄሽን ብዛት ሳይ ሳቄ መጣ። ቀኑን ሙሉ እየተከፈለኝ የምመልሰውን ጥያቄ እህቴ ደግሞ በነጻ ላከችልኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ የእኛን ቤት ስልክ ታውቂዋለሽ። ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ትናገራላችሁ፣ አባዬ «ማነው እሱ?» ይላል፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ሳንጠግብ ይቆረጣል። ኪቦርድሽ ሥር አድርገሽ እያየሽ እንድትሠሪበት በጽሑፍ መልሼልሻለሁ።

በመጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ልመልስ። የድሮ ፋይሎችሽ በአዲሱ ይከፈታሉ። ሲከፈቱ ከላይ በኩል «ይህ የቆየ ቨርዥን ነው» የሚል ይጽፍብሻል፤ አትደንግጪ፣ ስድብ አይደለም። ወደ አዲሱ ልለውጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ ግን ወዲያው እሺ አትበዪ። ሁሉንም ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጊ፣ ከዚያ ኮፒውን ለውጠሽ ተመልከቺው። ሰንጠረዡ ካልፈረሰ፣ ገጹ ካልተዛነፈ ያኔ ዋናውን ትለውጫለሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። አንዳንዱ በጣም የቆየ ደብዳቤሽ ሲከፈት ደግሞ የእኛ ፊደል ጠፍቶ ቅንፍና የላቲን ፊደል የተደበላለቀበት ዝባዝንኬ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ቫይረስ ገባበት ብለሽ እንዳትሰርዢው አደራ! ጽሑፉ አለ፤ የሌለው ያኔ የተጻፈበት ፎንት ነው። ያኔ የጻፍሽበት አሮጌ ኮምፒውተር ከቢሮው ሳይነሳ ቴክኒሻኑ ፎንቱን ኮፒ አድርጎ እንዲጭንልሽ ያዢው። ቸኩያለሁ ቢልሽ በሩ ላይ ቁሚበት።

አሮጌውና አዲሱ አንድ ማሽን ላይ አብረው ይኖራሉ ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው ይኖራሉ፣ ግን እንደ አማትና ምራት ነው። ፋይል በነካሽ ቁጥር «እኔ ልክፈት፣ እኔ ልክፈት» ይባባላሉ። ቢሆንም አዲሱን በደንብ ሳትለምጂ አሮጌውን እንዲያነሱብሽ አትፍቀጂ። ያች ስታስቀምጪ የምትነኪያት የዲስክ ሥዕል ደግሞ አልጠፋችም፤ አንሳ ከላይ ግራ ጥግ ላይ ተሸጉጣለች። ካጣሻት ኮንትሮልን ተጭነሽ ኤስን ንኪ። ቤቱን በሙሉ ቀለም ቀየሩት እንጂ የጓሮው በር ያው ነው። የፕሮግራሙ ፈቃድ ለምን በየዓመቱ ይታደሳል ያልሽው የአለቆችሽ ራስ ምታት ነው፣ አንቺ አትሸከሚላቸው። ሳይታደስ ከቀረ ግን ማንበብ ይፈቅድልሽና መጻፍ ይከለክልሻል፣ ያን ጊዜ አንቺ አጠፋሽ እንዳይሉሽ ብቻ ቀድመሽ እወቂው።

«በየቀኑ አሁን ልታደስ ወይስ በኋላ እያለ ይነዘንዘኛል» ላልሽው ስለ ቆይማ ላጫውትሽ። ቆይማ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ነው። ማሽኑ ልታደስ ባለው ቁጥር «በኋላ» የሚለውን እየነካ ዘመን አሳለፈ። አንድ ቀን ታላላቆቹ ኃላፊዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት ሪፖርት ሊያቀርብ ከረባቱን አሥሮ ቆሞ ሳለ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ወስኖ መታደስ ጀመረ። ቆይማ ቆሞ፣ ታላላቆቹ ተቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ክብ ነገር ስትሽከረከር ሲያዩ ዋሉ። አንቺ ለምሳ ልትወጪ ስትይ «አሁን» በዪውና ሂጂ።

«ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶ አጥር ሆነብኝ» ያልሽውም ቀላል ነው። ቁጥሩ አልጠፋም፣ ዓምዱ ጠቦት ነው በምትኩ የአጥር ምልክት (####) የደረደረልሽ። የዓምዱን ጠርዝ በማውስ ይዘሽ ወደ ቀኝ ሳብ ስታደርጊው ቁጥሩ ብቅ ይላል። እዚህም የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ፣ ጡረታዋ የደረሰ፣ ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጥላ የምትሠራ ሴት ናት፣ በየጊዜው ደውላ «ሒሳቤ ታጠረብኝ» ትለኛለች። ያው መልስ ነው፣ ያው ምስጋና ነው። ይችን ሴት ያዢያት፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ዋናውን ማስጠንቀቂያ ስሚኝ። ያንቺን አሠራር አውቀዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሰው ስለማይኖር ቢሮሽ መጥቼ ከጠረጴዛሽ አጠገብ የምቀመጥ፣ አባዬም ሊወስደኝ ሲመጣ ኪቦርድሽ ላይ ተኝቼ የሚያገኘኝ ጊዜ ያየሁት ነው። አንድ ናሙና ደብዳቤ ነበረሽ። አርማው ከላይ፣ «ጉዳዩ» የሚለው ተሰምሮበት፣ ከታች የፊርማው ቦታ። ደብዳቤ ስትታዘዢ እሱኑ ትከፍቻለሽ፣ ስምና ቀን ትለውጫለሽ፣ ታትሚያለሽ። ልትዘጊው ስትይ «ለውጡን ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቅሻል፣ አንቺም «አይ» ትይዋለሽ። ናሙናው ሳይነካ ያድራል። አለቃሽ ሲያስከፋሽም እዚያው ላይ የሆድሽን ዘርግፈሽ፣ አንዴ አንብበሽ፣ «አይ» ብለሽ ትዘጊው ነበር። «ከወጣልኝ ይበቃኛል፣ መቀመጥ የለበትም» ትይኝ ነበር። እጄን በመሐረብ ሸፍነሽ ሳላይ መተየብ እንዳስተማርሽኝ ሁሉ ይህንንም ካንቺ ነው የወረስኩት።

አዲሱ ፕሮግራም ግን አይጠይቅም፣ እታለም። መጠየቅ ትቷል። የጻፍሽውን እዚያው በዚያው እየያዘ ይሄዳል። ስለዚህ ናሙናውን ከፍተሽ አንዲት ቃል ከመንካትሽ በፊት «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለውን ፈልጊ። ይህን የምነግርሽ ካነበብኩት አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

የምሠራበትን ክፍል በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ከኮሪደሩ መጨረሻ ናት፣ መስኮት የላትም። ትላልቆቹ ማሽኖች እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ሁልጊዜ ስለሚነፋ ውጭ ፀሐይ እያቃጠለ እኔ ሹራብ ለብሼ እቀመጣለሁ። ድሮ ሁለት ነበርን፤ ባልንጀራዬ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረና ወንበሩ ላይ የተበላሹ ፕሪንተሮች ተቀመጡበት። ስልኩ ሲጮኽ አነሳና «እርዳታ ክፍል» እላለሁ። እንዲህ ስል ስል ስሜ እርዳታ ሆኖ ቀረ። ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝም «እርዳታ፣ ፕሪንተሬ ወረቀት ነክሷል» ነው የሚሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ይጠይቃሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይዘጋሉ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኔ የሌላውን ጩኸት ስሰማ ውዬ የራሴ መቼ እንደሚጮኽ ጠፋብኝ። ከሥራ ወጥቼ ክፍሌ ስገባ አከራዬ ከታች ሆና በር መዝጋቴን ትሰማለች፣ እኔ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሰው ሳል እሰማለሁ። የሳለበትን ቀንና ያልሳለበትን ቀን አውቃለሁ፣ መልኩን ግን አላውቀውም።

እና ጠዋት ጠዋት፣ ስልኩ መጮኽ ሳይጀምር፣ አንድ ልማድ ነበረኝ። ሠራተኛው ሁሉ ከየማሽኑ የሚከፍተውን የመሥሪያ ቤቱን ናሙና ደብዳቤ እከፍታለሁ፣ የእኛን ፊደል ማሽኔ ላይ ጭኜዋለሁና ካንቺ ጋር አወራበታለሁ። ቁም ነገር እንዳይመስልሽ፤ ወሬ ነው። ምላሴ እንዳይዝግ። እንደ ድሮው ከጠረጴዛሽ አጠገብ የተቀመጥኩ እያስመሰልኩ የመጣልኝን እጽፋለሁ፣ ስጨርስ ልዘጋው ስል «ላስቀምጥ?» ይለኛል፣ «አይ» እለዋለሁ። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፣ እርዳታ እሆናለሁ።

አዲሱ ፕሮግራም እዚህም ሲመጣ ከፎቅ ፎቅ እየዞርኩ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። «ተጠንቀቁ፣ ከእንግዲህ አይጠይቃችሁም» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ሰበክሁ። በማግስቱ ጠዋት እጄ እንደለመደው ናሙናውን ከፍቼ አወራሁሽ። ዘጋሁት፤ ዝም አለኝ። ስልኩ ስለጮኸ ዝምታውን ልብ አላልኩትም።

ከቀትር በፊት የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ደወለች። ድምፅዋ ተሸብሯል። አዲሱ ፕሮግራም ናሙናውን አበላሸው፣ አርማው ሥር ያለው ጽሑፍ በሙሉ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደረጉ ትንንሽ ሰዎች ሆነ፣ አለችኝ። የእኛን ፊደል እንዳየች ወዲያው ገባኝ። እኔ ወደ እሷ ፎቅ እስክወጣ ድረስ ወሬው ቀድሞኝ ወጥቷል። ቆይማ «ይኸው፣ በኋላ ይሻላል ስላችሁ!» እያለ ይዞራል። አለቃዬ ራሱ መጥቶ ስክሪኑን አጎንብሶ እያየ፣ የሌሎቹም ፋይሎች እንዲህ ሳይሆኑ ዛሬውኑ ወደ አሮጌው እንመለስ እያለ ነው። ስንት ጊዜ የለፋሁበት ሥራ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጉሮሮዬን ጠርጌ «አልተበላሸም፤ ደብዳቤ ነው። የእኔ ነው» አልኩ።

አለቃዬ ትንሽ አየኝና እንዳጠፋው ነግሮኝ ሄደ፤ ቆይማም ሄደ። ሰው ሁሉ ወደየጠረጴዛው ተመለሰ። አዲሱ ፕሮግራም የትናንትናውን መልክ ለብቻው ስለሚያኖር ናሙናውን መልሶ ማጽዳት የአንድ ንክኪ ሥራ ነው፤ አንቺም ቢበላሽብሽ «የቀድሞ ቨርዥኖች» የሚለውን ፈልጊ፣ አትጨነቂ። ላጸዳው ስል ሴትዮዋ እጇን ማውሱ ላይ ጣል አድርጋ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ለመተርጎም ሞከርኩና ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም። እንግዲያው እንዳለ በቋንቋህ አንብብልኝ፣ ድምፁን ልስማው አለች። አነበብኩላት።

እንዲህ የሚል ነበር፦ «እታለም፣ ምሳ ምን በላሽ? እዚህ ዝናብ ነው፣ እናንተ ጋስ? የሊፍቱ ጠባቂ ዛሬ አዲስ ኮፍያ አድርጓል፤ ያምርብሃል ልለው ስል በሩ ተዘጋ። ነገ ብለው ይረፍድ ይሆን? ማሙሽ ያን ቁም ሳጥን ጨረሰልሽ? እማዬ ሰሞኑን ስሜን ጠርታለች? ስትጠራኝ ምን ብላ ነው የምትጠራኝ፣ ሙሉውን ነው ወይስ አሳጥራ? እየሰማሽኝ ነው ወይስ ሥራ ይዘሻል?»

ራሴ የጻፍኩትን ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁልጊዜ «አይ» ብዬው ነዋ የምዘጋው። ሴትዮዋ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ የጥያቄ ምልክቶቹን አንድ ባንድ እየነካች፣ ከዚህ ሁሉ እኔ የማውቀው ይህን መንጠቆ ብቻ ነው፣ ገጹን ሞልቶታል፣ ማን ይመልስልሃል? አለችኝ። እታለም፣ ለሰው ሁሉ መልስ ያለኝ ሰውዬ ለዚያች መልስ አጣሁ። ፕሪንተር የምጠግን መስዬ ወደ ክፍሌ ወረድኩና ከማሽኖቹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ልደብቅሽ አልፈልግም። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ደጉ ነገር ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሰው አይሰማም።

አሁን ወደ ማሙሽ ልምጣ። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ አጣበሽ የጻፍሻትን አይቻታለሁ። «ማሙሽ አንተ ዘንድ ልምጣ እያለ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የእንጨት ሥራ ቤቱን ለሸሪኩ ትቶ ሊነሳ ነው። ደብዳቤህን ባነበበ ቁጥር ልቡ ይሸፍታል። ምን ልበለው?» ብለሽኛል። እሱም በስልክ በእናንተ ጫጫታ መሃል «ወንድምዓለም፣ ቦታ አለህ?» ብሎ ጮኾልኛል።

ቦታ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ በደስታ እየዘለለ ነው የከረመው። የእሱ አልጋ የሚገባበትን ቦታ ከግድግዳው እስከ መስኮቱ በእርምጃ ለክቻለሁ። ሁለተኛ ኩባያ ገዝቻለሁ። እስካሁን አንድ ብቻ ነበረኝ፤ ለምን ሁለት ያስፈልገኛል? አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቤቱ ቤት መሰለ። ማታ በር ከፍቶ ሲገባ፣ «ምን በላህ?» ሲለኝ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው የእኛን ሳቅ ሲሰማ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ። መልሱን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀምሬም ነበር። «ይምጣ፣ ክፍሉ ይበቃናል፣ ሥራም አይጠፋም፣ መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ» እያልኩ አሳምሬ ጻፍኩ። ሁሉም ውሸት አልነበረም።

የሴትዮዋን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ግን ያን ጽሑፍ ከፍቼ ማየት አቃተኝ። ማሙሽን አስቢው። ከቤት ተነስቶ እንጨት ቤቱ እስኪደርስ ስንት ሰው ነው ስሙን የሚጠራው? አንዱ በሩ ተጣሞበት፣ አንዱ የልጁ አልጋ ተሰብሮበት፣ አንዱ በከንቱ፣ ሊቀልድ ብቻ። ሲልግ ያፏጫል፣ ሲለካ ያወራል፣ ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ እንኳ ዝም አይልም። እዚህ እሱ የሚገባበት ሥራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው። እዚያ የሚሠሩትን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ጆሯቸው ላይ ነገር ሰክተው፣ ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ ይውላሉ። ያን እጅ፣ እንጨቱን ዳስሶ የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀውን እጅ፣ ካርቶን ላይ ቴፕ ሲለጥፍ በሐሳቤ አየሁት። ማታ ደክሞት ሲገባ እኔ ደስ ይለኛል። እሱስ?

የሚናፍቅ ሰው ደግሞ ለምክር አይሆንም። እኔ ማሙሽን ስለፈለግሁት ብቻ ይምጣ ልለው ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን ለእኔ ሕመም የእሱን ጤና ልትሰጪኝ አልፈልግም። ስለዚህ መልሴ፣ አይምጣ። የእንጨት ሥራ ቤቱን ለማንም አይተው፣ ሸሪኩንም አያስቀይም። ነግሬሽ የለ፣ አዲሱን በደንብ ሳትለምጂ አሮጌውን እንዲያነሱብሽ አትፍቀጂ። ማየት ከፈለገ በእንግድነት ይምጣ፣ መጥቶ ይየኝ፣ መመለሻውን ይዞ። እኔም ከዚህ በኋላ «ከናፍቆታችሁ በቀር» እያልኩ የምጽፈውን ትቼ እንደዚህ እንደ ዛሬው እጽፍላችኋለሁ፣ ልቡ በደብዳቤዬ እንዳይሸፍት።

ይህን ሁሉ በእጄ የጻፍኩት ኮምፒውተር አጥቼ አይደለም። ሾፌሩ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ብጽፈው ነገ ማታ ክፍሌ ስገባ ሁለቱን ኩባያ አይቼ «አይምጣ» ያልኩትን «ይምጣ» አደርገው ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ በወረቀት ጻፍኩት፤ እንደጨረስኩም አሽገዋለሁ።

ያን የማለዳ ወሬዬን ከማጽዳቴ በፊት አትሜው ነበር፤ ከዚህ ጋር ይደርስሻል። የመሥሪያ ቤቱ አርማ ከላይ ስላለበት አትደናገጪ፣ ከሥራ አልተባረርኩም። አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። የጠየቅሽኝን ሁሉ መልሼልሻለሁ፤ አንቺም እዚያ ገጽ ላይ ያለውን መልሺልኝ። ምሳ ምን በላሽ የሚለውን ጭምር። የዚያን ቀኑን ረስተሽው ከሆነ የዛሬውን ጻፊልኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በዪያት፤ ስሜን ስትጠራ ሙሉውን ይሁን አሳጥራ በዚያው ጠይቂልኝ። ለአባዬ በሚሰማው ጆሮው በኩል ቀስ ብለሽ ሰላም በዪልኝ፣ «ማነው እሱ?» ካለሽ «ያ ኪቦርድ ላይ የሚተኛው» በዪው፣ ያስታውሳል። ለጋሼ ወገቡን ይማርልኝ፣ ከበድ ያለ ዕቃ እንዳያነሳ። ሚጣዬን ሳሚልኝ፤ ቁጭ ብላ እንድትጽፍ ወንበር አቅርቢላት። ለጎረቤታችን፣ የእኔን ነገር እያነሳች ለምትስቀው፣ የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል ብሏል በዪልኝ፣ እዚህ መጥቼ ነው የገባኝ።

ለማሙሽ ሰላምታዬን ከመስጠትሽ በፊት ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው አንብቢለት፤ ምንም አትዝለዪ፣ ያለቀስኩበትን እንኳ። ሲቆጣኝ ተዪው፣ ይቆጣ። ኩባያውን ለሰው እንዳልሰጠሁበት ንገሪው። በሚቀጥለው ስትደውሉ ደግሞ አንዴ ሁላችሁም ዝም በሉና እሱ ብቻውን፣ እንጨት ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንደሚጣራው ጮክ ብሎ፣ በስሜ ይጥራኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን